ባናውን ይዘሽ ግቢ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከደሴ የመጣ ነው። ጥቂት አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው፤ በማኔጅመንት ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራ ስላላገኘሁ እናቴን በሱቅ አግዛለሁ። እናቴ ከጉጉፍቱና ከወረኢሉ በኩል ባና፣ ማለትም ከበግ ጸጉር የሚሸመን ብርድ ልብስ፣ እያስመጣች ደሴ ላይ ትሸጣለች። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ሱቁ ተዘርፎ ባዶውን ስለቀረ ሥራውን እንደገና ያቆመችው በዕቁብ ነው። አሁን አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሎኛል። ትምህርቱ የንግድ ሥራ አስተዳደር ሲሆን ትኩረቱ ሥራ ፈጠራና የፈጠራ ችሎታ ላይ ነው። ክፍያው ግን እናቴ የምትጠብቀውን ዕቁብ ጠቅልሎ ይበላዋል። እሷ ‹መነገድ ከፈለግሽ ሱቁ ይኸውልሽ፤ ለመነገድ ደግሞ ማን ትምህርት ቤት ገባ?› ትላለች። ወንድሜ ‹ፈጠራ ከላይ የሚሰጥ ነው፤ ክፍል ተቀምጠው አይማሩትም› ይለኛል። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ እንደተቀመጥሁ ዕድሜዬ እንዳያልፍ እፈራለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ልጄ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ግራ ለገባው ሰው ዳር ዳር የሚል ምክር ዕረፍት አይሰጥም። ዘንድሮ አትሂጂ። ትምህርቱን ግን አትተዪው። እንዴት ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በሰፊው አስረዳሻለሁ።

በወንድምሽ ልጀምር። ፈጠራ ከላይ የሚሰጥ ነው የሚለው አባባል ትሕትና ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ስንቱን ጎበዝ ልጅ «እኔ አልተሰጠኝም» አሰኝቶ ቤት አስቀርቶታል። ነገሩ በተግባር የተፈተነበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎችን በዕጣ ሦስት ቦታ ከፍሎ ተከታትሏል። አንደኛው ወገን የተለመደውን የንግድ ሥልጠና ወሰደ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ሽያጭ፣ የሰው ኃይል አስተዳደርና የመሳሰለውን። ሁለተኛው ወገን የግል ተነሣሽነትን የሚያለማምድ ሥልጠና ወሰደ። ማንም ሳያዝዝ መጀመርን፣ ከጎረቤት ሱቅ የሚለዩበትን ነገር መፈለግን፣ አርቆ ማቀድን፣ እንቅፋት ሲገጥም መንገድ መቀየርን ነው የተለማመዱት። ሦስተኛው ወገን ምንም አልወሰደም። ከሁለት ዓመት በላይ ከተከታተሏቸው በኋላ ተነሣሽነትን የተለማመዱት ነጋዴዎች ትርፍ ምንም ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ ልቆ ተገኘ። የተለመደውን ሥልጠና የወሰዱት ብልጫ 11 በመቶ ቢሆንም ከአጋጣሚ የሚለይ ሆኖ አልተገኘም።

ስለዚህ ወንድምሽ ተሳስቷል፤ ይህ ነገር ይለመዳል። ነገር ግን ጥናቱን ደግመሽ አንብቢው። እነዚያ ነጋዴዎች ሁሉ ሥልጠናው ሲጀመር ሱቅ ነበራቸው። ጠዋት የሰሙትን ከሰዓት በኋላ በራሳቸው ዕቃና በራሳቸው ደንበኛ ላይ ይሞክሩት ነበር። ሥልጠናውም የሳምንታት እንጂ የዓመታት አልነበረም።

አንቺ ራስሽ የዚህን ተቃራኒ አይተሻል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ኢንተርፕርነርሺፕ የሚለው ኮርስ ለሁሉም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይሰጣል፤ አንቺም ሳትወስጂው አትቀሪም። ከዚያ ዛሬ ምን ቀረሽ? የሥራ ፈጣሪ ባሕርያት ዝርዝር፣ የንግድ ዕቅድ ክፍሎች፣ የፈተና ጥያቄዎች። መምህሩ ሰንፎ፣ አንቺም ደንቁረሽ አይደለም። ትምህርቱ የሚያርፍበት ሥራ በእጅሽ ስላልነበረ ነው። አሁን ደግሞ በእናትሽ ገንዘብ ያንኑ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ እንድትደግሚው አልፈልግም። ይዘሽው የምትገቢው ሥራ ይኑርሽ፤ ያ ሥራም ባናው ነው።

ወደ እናትሽ ልምጣ። «ለመነገድ ማን ትምህርት ቤት ገባ?» ሲሉ ግማሽ እውነት አላቸው። እስራኤል ኪርዝነር የተባለ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራው ሥራ ፈጣሪ ማለት ሌላው ያላየውን የዋጋና የፍላጎት ልዩነት ነቅቶ የሚያይ ሰው ነው ይላል። ይህን ለመረዳት ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ መውረድ ይበቃል። ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ከብቱንና ግመሉን ይዞ ሲገናኝ፣ በመካከል ቆሞ እዚህ የረከሰው እዚያ እንደሚወደድ ቀድሞ የገባው ነጋዴ ኪርዝነርን ሳያነብ ኪርዝነር ያለውን ይሠራል። እናትሽም በጉጉፍቱ ብርድና በደሴ ገበያ መካከል ቆመው ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ዘረፋ አይተው፣ ከባዶ መደርደሪያ ተነሥተው እንደገና ሱቅ ማቆማቸው ደግሞ ማንም ኮሌጅ በምስክር ወረቀት ሊሰጠው የማይችል ነገር ነው።

እናትሽ ያልነገሩሽ ግማሽ ሌላ ነው። ከኪርዝነር ብዙ ዓመት ቀድሞ ጆሴፍ ሹምፒተር የሚባል የኦስትሪያ ተወላጅ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1911 ሥራ ፈጣሪን በሌላ መልክ ሥሎት ነበር። ለእሱ ሥራ ፈጣሪ ያለውን ነገር በአዲስ መልክ የሚያዋህድ ሰው ነው። መንገዶቹም አምስት ናቸው ይላል፤ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ አሠራር፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ፣ አዲስ አደረጃጀት። ይህን ዝርዝር ሳትሸመድጂው አትቀሪም። እስኪ አንድ ባና ከመደርደሪያ አውርደሽ ጭንሽ ላይ ዘርጊና አብረን እንየው።

ሰው ባና መግዛት ለምን ቀነሰ? የፋብሪካ ብርድ ልብስ ስለረከሰ ብቻ አይደለም። ባና ይከብዳል፤ ገላ ላይ ይኮሰኩሳል፤ ርጥበት ሲያገኘው በግ በግ ይሸታል፤ ካልተጠነቀቁለት ብል ይበላዋል፤ ለማጠብ ደግሞ ጣሳና ሳፋ አይበቃውም። እነዚህን አንድ በአንድ ጻፊያቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሽታው በአብዛኛው ጸጉሩ ላይ ከቀረ የበጉ ቅባትና ላብ የሚመጣ ነው። ጸጉሩ ተሸልቶ ሲመጣ፣ ከመነደፉና በእንዝርት ከመፈተሉ በፊት፣ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በቀስታ ተነክሮ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ቢለቀለቅ ሽታው በጣም ይቀንሳል። በጣም ሞቆ ከታሸ ግን ጸጉሩ ተጣብቆ ይጠጥራል፤ ስለዚህ እጅ የለመደ ሰው ያስፈልገዋል። ይህ የሹምፒተር ሁለተኛው መንገድ ነው፤ አዲስ አሠራር። ምንም ማሽን አልተገዛም።

መኮስኮሱን ልታጠፊው አትችይም፤ የደጋችን በግ ጸጉር ሻካራ ነው። እንግዲያስ ገላ የማይነካው ቦታ ቢሄድስ? ወለል ላይ፣ የመኪና ወንበር ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ የቡና ረከቦት የሚቀመጥበት ሥር። ክብደቱ አልጋ ላይ ጉድለት ነበር፤ ወለል ላይ ግን እንዳይንሸራተት ይረዳዋል። ያልተነከረው ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ የተፈጥሮ ቀለሙም ለዚህ ያምራል። እዚህ ላይ አዲስ ዕቃ መጣ ማለት ነው። አዲስ ገበያስ? ደሴ ላይ ብርድ የሚፈራ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ላሊበላ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎችም ሊሆኑ ይችላሉ፤ «ሊሆኑ ይችላሉ» ያልሁት ሄደሽ ስላልጠየቅሽ ነው። አደረጃጀቱ ላይ ደግሞ ፈታይዋ፣ ሸማኔውና እናትሽ ዛሬ በምን ተስማምተው እንደሚሠሩ፣ አስቀድሞ ማን ለማን እንደሚከፍል፣ መጠኑ ጎድሎ ሲመጣ ማን እንደሚሸከመው ጠይቂ። አብዛኛው ጭቅጭቅ ያለው እዚያ ነው፤ ጭቅጭቅ ባለበት ደግሞ ሊሻሻል የሚችል ነገር አለ።

አዲስ ነገር የግድ ከማይታወቅ ነገር አይሠራም። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትጀምር የተነሣችው ሁሉም ሰው ከሚያውቀው በረባሶና ከሰፈሯ የእጅ ባለሙያዎች ሽመና ነበር። የጎማ ሶሉንም ጨርቁንም እሷ አልፈለሰፈችውም። አንድ ላይ አድርጋ፣ በጥራት ሠርታ፣ ለሌላ ገዢ አቀረበችው።

አሁን ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስን። ይህን ሁሉ ሐሳብ ስታወጪ ደስ ይልሻል፤ ወዲያው ሰው መጠየቅም ትጀምሪያለሽ። እኛ ወሎዎች ደግሞ ሰው ማስከፋት አንወድም። ለጎረቤትሽ «የባና ምንጣፍ ብሠራ ትገዢኛለሽ?» ብትያት «እንዴታ! አብሽሪ፣ ማን ሊገዛ ነው ታዲያ!» ትልሻለች። ከልቧ ነው፤ ግን አትገዛም። ይሉኝታ ያለበት መልስ ላይ ገንዘብ አይፈስም። ስለ ወደፊቱ አትጠይቂ፤ ስላለፈው ጠይቂ። ለመጨረሻ ጊዜ የወለል ምንጣፍ የገዛችው መቼ ነው? ከየት? ስንት ከፈለች? ምን አስጠላት? የድሮው ባናዋ አሁን የት አለ? ቆጥ ላይ ከሆነ፣ ለምን ወጣ? እነዚህ ጥያቄዎች ይሉኝታ የማይነካቸው ናቸው፤ ሰው ያለፈ ኑሮውን ሲናገር ሊያስደስትሽ ብሎ አይቀይረውም።

ይህን ለመጠየቅ ቢሮ አያስፈልግሽም። እናትሽ ቡና ሲያፈሉ ከአቦል እስከ በረካ የሚቀመጡት ሴቶች ስለ ቤታቸው ዕቃ ከማንም የተሻለ ያውቃሉ። ዝም ብለሽ ስሚ፣ ሲሄዱ ጻፊ። ከመንደርሽ ውጪ ያሉትንም ጠይቂ፤ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ። የማያውቅሽ ሰው ይበልጥ እውነቱን ይነግርሻል። ከሁሉ በላይ የሚታመነው መልስ ግን ቀብድ ነው። ሰው ቀብድ ከሰጠሽ ፈልጎታል፤ ካልሰጠሽ ገና አልወሰነም።

ኮሌጅ ስትገቢም በቡድን ተቀምጣችሁ ሐሳብ አፍልቁ መባልሽ አይቀርም። አሌክስ ኦስቦርን የተባለ አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ ያስፋፋው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በየል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ ግን ሰዎች ለየብቻ አስበው ሐሳባቸው በኋላ ቢደመር አብረው ተቀምጠው ከሚያወጡት ይበልጥ ብዙ እንደሚያወጡ አሳየ። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻሽን ጻፊ፣ ከዚያ ተሰብሰቢ። በእኛ ክፍሎች ደግሞ ታላቁ ወይም ደፋሩ ከተናገረ በኋላ ሌላው ዝም ስለሚል ይህ ይበልጥ ይጠቅምሻል።

ገንዘቡን እንነጋገር፤ ደብዳቤሽ ላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ሳራስ ሳራስቫቲ የተባሉ ምሁር ልምድ ያካበቱ 27 ሥራ ፈጣሪዎች እንዴት እንደሚያስቡ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጽሑፍ በብዙ የንግድ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል። እነዚያ ሰዎች «ስንት አተርፋለሁ?» ብለው አይነሡም። «ብከስር ምን ያህሉን ልችለው እችላለሁ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። መነሻቸውም በእጃቸው ያለው ነው፤ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚያውቁ፣ ማንን እንደሚያውቁ። አንድ ጊዜ ሱቃቸው ባዶውን ለቀረ እናት ይህ ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። ሙሉውን ዕቁብ ለትምህርት ክፍያ መስጠት ቤተሰባችሁ ሊችለው የማይችለው ኪሳራ ነው፤ ትምህርቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ።

እናትሽ ዘንድ ተቀመጪና እንዲህ በያቸው፦ «እማ፣ ቢጠፋ ሱቁ የማይዘጋበትን ያህል ብቻ ስጪኝ፤ እስከ መጪው ክረምት ልሞክር።» መጠኑን እሳቸው ይቁረጡ። በደብተር ጻፉት፤ ትርፍ ከመጣ እንዴት እንደምትካፈሉም አብራችሁ ጻፉ። ገንዘቡ ካለቀ አቁሚ፤ ሌላ አትጠይቂ። እስከዚያው አምስት ወይም ስድስት ናሙና አሠርተሽ ለሚያውቁሽም ለማያውቁሽም ሽጪ።

በዚሁ ጊዜ አንድ ሌላ ሥራ አለብሽ። የአንድ ባና ሙሉ ወጪ ምን ያህል እንደሆነ አውጪ። የጸጉሩን ዋጋ፣ የፈታይዋን፣ የሸማኔውን፣ የመኪናውን፣ የሱቁን ኪራይ እናትሽ ያውቁታል። የራሳቸውን ድካም ግን አያስቡትም፤ ባናው ከሚያዝያ ተገዝቶ ክረምት እስኪገባ፣ ወይም የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እስኪመጣ መደርደሪያ ላይ ገንዘብ ይዞ መቀመጡንም አያስቡትም። በጊዜ የታሰረ ገንዘብ ወጪ ነው። ማኔጅመንት የተማርሽው ልጅ ለሱቁ መጀመሪያ ልትሰጪ የምትችዪው ነገር ይህ ነው፤ እናትሽም ትምህርት ለንግድ ምን እንደሚረዳ በቁጥር ያዩታል። ሥራው ቆሞ ከሄደና ብድር ካስፈለገሽ ደግሞ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ቤት የሌለው ሰው በዕቃው፣ በከብቱና በመሳሰለው እንዲበደር በር ከፍቷል። አበዳሪዎች አሁንም ቤት ማየት ይወዳሉ፤ ቢሆንም አዋጁን በስሙ ጠርተሽ ጠይቂ።

ከዚያ በኋላ ተማሪ። ያን ጊዜ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ መርሐ ግብር ካገኘሽ እሱን አስቀድሚ፤ ሱቁን ሳትዘጊ፣ የቤት ኪራይ ሳትከፍዪ ትማሪያለሽ። ስለ ወጪ አሠራር ሲነገር የራስሽ ደብተር አለ፤ ስለ ደንበኛ ሲነገር ቀብድ የሰጠችሽ ሴት አለች። የትምህርቱ ጥቅም እዚያ ላይ ይጀምራል፤ በዚያ ላይ የምታነቢው መጽሐፍ፣ የምትተዋወቂያቸው ነጋዴዎችና የምታገኚው ድፍረት ከማንኛውም ሱቅ የማይገኙ ናቸው። ትምህርትን አላቃልልም። በሙሉ ነጻ ዕድል ካገኘሽ ወይም ሕልምሽ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከሆነ ደግሞ የነገርሁሽን ሁሉ ተዪና ነገውኑ ሂጂ።

አንድ ነገር ቀረኝ። «ሱቅ ውስጥ ዕድሜዬ እንዳያልፍ» ያልሽው መስመር ከደብዳቤው ሁሉ ይበልጥ ነካኝ። ምናልባት የፈለግሽው ሁለተኛ ዲግሪ ሳይሆን አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ከእናት ዐይን ራቅ ብሎ መኖር፣ አዲስ ሰው ማየት። በ24 ዓመት ይህን መፈለግ ነውር የለውም። ከሆነ ግን በስሙ ጥሪውና ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ ዘመድ ቤት ከርመሽ፣ ሥራ ፈልገሽ፣ ባናሽንም አዲስ አበባ ይዘሽ ወጥተሽ ልታዪው ትችያለሽ። የከተማ ናፍቆትን በትምህርት ክፍያ አትክፈዪ።

ለኮሌጁ በዚህ ሳምንት ደብዳቤ ጻፊ። ቦታሽን ለአንድ ዓመት ያቆይልሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። የመመዝገቢያ ገንዘብ ከፍለሽ ከሆነ የሚመለስ መሆኑን በዚያው ላይ ጠይቂ፤ ደረሰኙንም አትጣዪው። መርሐ ግብሩ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን ራስሽ አረጋግጪ። ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ሁለቱን ፈልገሽ መምህራኑ ውስጥ ንግድ ሠርቶ የሚያውቅ እንዳለ፣ የመመረቂያ ሥራን በራስ ንግድ ላይ መሥራት እንደሚፈቀድና እነሱ ዛሬ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠይቂያቸው። መልሳቸውን ከባናው ሽያጭ ደብተር ጋር ክረምት ላይ ላኪልኝ፤ የት እንደምትማሪ ያን ጊዜ አብረን እንወስናለን።